የቤት ስልክና ኢንተርኔት፦ ማንም የማይጠቀምበትን ሶኬት ፈልጉ

ሞደም አጥፍቶ ማብራት፣ ገመድ ነቅሎ መሰካት፣ ቢል መከፈሉን ማየት ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ እዘለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንይ።

ስልኩ ጭራሽ ድምፅ የለውም። ከውጭ የሚመጣው መስመር ቤት ገብቶ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ሳጥን ክፈቱ። ወደ ክፍሎቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች በሙሉ ንቀሉና ስልኩን እዚያው ሞክሩት። እዚያም ካልሠራ ችግሩ ከውጭ ነው፤ 994 ደውሉ። ከሠራ ግን ቤት ውስጥ የሆነ ቦታ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል ወይም አንዱ ተበጥሷል።

አንዴ ጠርቶ ዝም ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ነው። ክረምት ላይ ከባሰ ውጭ ያለውን መገጣጠሚያ አድርቁና በአዲስ ማገናኛ ቀይሩት።

ስልክ ሲነሳ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። ወይ ስፕሊተር (የስልኩንና የኢንተርኔቱን ሲግናል የሚለየው ትንሽ ሳጥን) የለም፣ ወይ አንዱ ስልክ ከስፕሊተሩ በፊት ተቀጥሏል። ድምፅ የሚሄደው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች፣ ኤዲኤስኤል፣ ማለትም በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት፣ ደግሞ ከ25 ኪሎኸርዝ በላይ ነው። የሚለያቸው ስፕሊተሩ ነው። ስፕሊተር ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ሲከፈቱ ግን ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በቀጥታ ተያይዘዋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ መሸጥ ሰውን ማታለል ነው። ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት፤ ላባ የሚያህል ከሆነ መልሱት።

ስልኩ ደህና ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን ይቆራረጣል። ደጋግሜ የማገኘው ይሄንን ነው። ሰው ሞደም ይቀይራል፣ ፓኬጅ ያሳድጋል፣ ለውጥ የለም። መንስኤው ብዙ ጊዜ ድሮ ወደ ሌላ ክፍል ተቀጥሎ የተረሳ የስልክ ኤክስቴንሽን ነው።

አንድ ግቢ የሄድኩት ኢንተርኔቱ ማታ ማታ እየጠፋ ስላስቸገራቸው ነበር። ከሳሎን ወደ ሰርቪስ ቤት የተሳበ መስመር እንዳለ ስጠይቅ፣ የቤቱ ባለቤት «እሱንማ ተከራዩ ሲወጣ ነቅለነዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ ቀለም ተቀብቷል። ሽቦው ግን አለ። ኮርኒስ ላይ ወጥቼ ስከተለው መሀል ላይ በናስትሮ የተጠቀለለ እብጠት አገኘሁ። ናስትሮውን ስፈታው ሙጫው ቀልጦ እጄ ላይ ተጣበቀ። በጣት የተጠማዘዘው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። እዚያው ቆረጥኩት። ሞደሙ ላይ 5 ዴሲቤል የነበረው ኤስኤንአር ማርጂን (ሲግናሉ ጫጫታን ለመቋቋም ያለው ትርፍ አቅም፤ ከፍ ሲል ጥሩ ነው) ወደ 11 ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲግናሉ በተረሳው ሽቦ እስከ ጫፉ ይሄዳል፤ የሚቀበለው ሲያጣ ተመልሶ ይመጣና ከዋናው ጋር ይጋጫል። 20 ሜትር ገደማ የሆነ ጭራ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ (ፈጣኑ የኤዲኤስኤል ዓይነት) የሚጠቀምባቸውን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች ይበላል። ድምፅን ግን እምብዛም አይነካም። ስልኩ ጥርት ብሎ ስለሚሰማ ማንም መስመሩን አይጠረጥርም።

ስለዚህ ሶኬቱን መንቀል ብቻውን ዋጋ የለውም። መቆረጥ ያለበት መጋጠሚያው ጋ ነው። መጀመሪያ በመግቢያው ሳጥን ላይ የውስጡን መስመር ሁሉ ንቀሉና ሞደሙን ብቻ ሰክታችሁ፣ በብራውዘር ወደ ሞደሙ ገጽ (አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1) ገብታችሁ ማርጂኑን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ መስመሮቹን አንድ በአንድ መልሱ። ቁጥሩን የጣለው መስመር እሱ ነው፤ ተከትላችሁ ከሥሩ ቁረጡት። የቀረውን መጋጠሚያ በናስትሮ አትጠቅልሉ። ውስጡ ቅባት ያለው ትንሽ የስልክ ሽቦ ማገናኛ አለ፣ ዋጋውም ቀላል ነው፤ እሱን ተጠቀሙ።

ጥንቃቄ! ኮርኒስ ውስጥ የመብራት ሽቦም አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተከተላችሁትን ሽቦ በፍጹም አትቁረጡ። የስልክ መስመር ሥራ ሲፈታ 48 ቮልት ገደማ ይዟል፤ ሲጠራ ግን እስከ 90 ቮልት ሊደርስ ስለሚችል ያስደነግጣል። መሰላል ላይ ሆኖ መደንገጥ ደግሞ ያወድቃል። ነጎድጓድ ካለ ጨርሶ አትንኩት። የስልክ ሽቦን ከመብራት ጋር በአንድ ቱቦ አታሳልፉ፤ ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት።

አዲስ ሽቦ ስትስቡ አብረው የተጠማዘዙትን ሁለቱን ተጠቀሙ፤ ሰማያዊውን ከራሱ ነጭ-ሰማያዊ ጋር። አንድ ቤት ውስጥ ሰማያዊው ከብርቱካናማው ጋር ተጣምሮ ስልኩ ያለማቋረጥ ይንኮሻኮሽ ነበር። ሽቦው አዲስ፣ ሶኬቱ አዲስ፣ ሥራው ግን ግድ የለሽ። ጥንዱን ሳስተካክል ጠፋ።

መኝታ ቤትም ስልክ ካስፈለገ ስፕሊተሩን መግቢያው ላይ አድርጉት። ሞደሙ በራሱ ሽቦ በቀጥታ ከዚያ ይውጣ፤ የስልክ ኤክስቴንሽኖቹ ሁሉ ከስልኩ ቀዳዳ ይቀጠሉ። እንዲህ ከሆነ ማንኛውም ክፍል ውስጥ ባዶ ሶኬት ቢቀር ኢንተርኔቱን አይነካም።