ልጅዎ ያለፈቃድዎ ወደ ሌላ አገር ቢወሰድ፦ በሄግ ስምምነት የማስመለስ ጥያቄ እንዴት ይቀርባል?

እ.ኤ.አ. የ1980ው የሄግ ስምምነት፣ ያለፈቃድ ወደ ሌላ አገር የተወሰዱ ልጆችን ስለማስመለስ አገሮች የተፈራረሙት ውል ነው፤ ልጁ ከማን ጋር ቢያድግ ይሻላል የሚለውን አይወስንም። የሚወስነው ያንን ክርክር የትኛው አገር ፍርድ ቤት ይየው የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ማመልከቻውን በቀድሞ የትዳር ጓደኛዎ ጥፋት አይሙሉት። ማስረዳት ያለብዎት ልጁ ከ16 ዓመት በታች መሆኑን፣ ከመወሰዱ በፊት ኑሮው የት እንደነበረ፣ እርስዎም በዚያ አገር ሕግ የማሳደግ መብት ኖሮዎት በተግባር ይጠቀሙበት እንደነበር ነው።

አስቀድመው ግን ሁለቱ አገሮች በስምምነቱ የተሳሰሩ መሆናቸውን ያጣሩ። አሜሪካ፣ እስራኤል፣ ጀርመንና ስዊድን አባል ናቸው፤ ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዓረቢያ አይደሉም። ዘግይቶ የገባ አገር አባልነት ደግሞ የሚጸናው እርስዎ የሚኖሩበት አገር ከተቀበለው ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ለማዕከላዊው ባለሥልጣን፣ ማለትም አባል አገሩ ለዚህ ጉዳይ ለሰየመው መሥሪያ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያለው የሕፃናት ጉዳዮች ቢሮ ሲሆን ቅጹ ዲኤስ-3013 ይባላል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወይም የፍቺ ሰነድ፣ የትምህርት ቤትና የሕክምና መዝገብ፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶና ልጁ ሊገኝበት የሚችል አድራሻ ያያይዙ፤ ልጁ ወዳለበት አገር ቋንቋም ያስተርጉሙ። የፍርድ ቤት የማሳደግ ውሳኔ ባይኖርዎትም ማመልከት ይችላሉ።

ብዙዎች የሚሸነፉት በጊዜ ነው። ልጁ ከተወሰደ ወይም መመለስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ሳይሞላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ልጁን መመለስ በመርሕ ግዴታ ይሆናል፤ ካለፈ ግን «አዲሱን ኑሮ ለምዷል» የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ቅጹን ለባለሥልጣኑ ማስገባት ቆጠራውን አያቆመውም፤ የሚያቆመው ልጁ ባለበት አገር መዝገብ ማስከፈት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 እንደወሰነው፣ ልጁ ተደብቆ መቆየቱ እንኳ ዓመቱን አያራዝመውም። ሽማግሌ መላክ ክፋት የለውም፤ ግን ክሱን እያስኬዱ ይሁን። በሽምግልናው መሐል «እሺ፣ ለጊዜው እዚያው ይቆይ» ብለው የላኩት መልእክት እንደ ስምምነት ተቆጥሮ ጥያቄዎን ሊያስጥለው ይችላል። ለዕረፍት ጉዞ የፈቃድ ደብዳቤ ሲፈርሙም የመመለሻውን ቀን ያስጽፉ።

ጉዳዩ በዓመቱ ውስጥ ቢቀርብም እንኳ፣ ልጁን የወሰደው ወላጅ፣ መመለሱ ልጁን ለከባድ አደጋ ያጋልጠዋል ብሎ ሊከራከር ይችላል። ነፍስ ያወቀ ልጅ ራሱ እንቢ ካለም ዳኛው ሐሳቡን ሊቀበለው ይችላል።

ልጁ ኢትዮጵያ ከገባ ስምምነቱ አይሠራም፤ የሚቀረው እዚያው ጠበቃ ይዞ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት መከራከር ነው። ስለዚህ ሥጋት ካለ ቀድሞ መከላከል ይሻላል። አሜሪካ ያሉ ወላጆች በዲኤስ-3077 ቅጽ ቢመዘገቡ ለልጁ ፓስፖርት ሲጠየቅ ይነገራቸዋል። ይህ ግን የአሜሪካን ፓስፖርት ብቻ ይመለከታል፤ ልጁ በኢትዮጵያ ሰነድ ሊጓዝ ይችላል፣ አሜሪካም በመውጫ በር ላይ የወላጅ ፈቃድ አትጠይቅም። ፓስፖርቶቹ በሦስተኛ ወገን እጅ እንዲቀመጡና ልጁ ከአገር እንዳይወጣ የሚያዝዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ቀድመው ያውጡ።