ድራይቭዌይ ስታሠሩ፦ ከአስፋልቱ በፊት ስለ ጠጠሩ ጠይቁ

ብርዱ አልፎ ሚያዝያ ሲገባ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሰፈሮች በር የሚያንኳኩ የአስፋልት ሠሪዎች ይበዛሉ። «እዚህ አቅራቢያ መንገድ ስንሠራ አስፋልት ተርፎናል፤ ዛሬውኑ በግማሽ ዋጋ እናልብስላችሁ» ይላሉ። አትመኑ። አስፋልት ከፋብሪካ የሚወጣው 300 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ሙቀት ይዞ ነው። ወደ 175 ዲግሪ ሲወርድ ሮለሩ በደንብ ሊጠቀጥቀው አይችልም፤ ስለዚህ በመኪና ላይ ሲዞር ውሎ እናንተ ጋ የሚደርስ ትርፍ ጥሩ ዕቃ አይሆንም። ሥራውን የሚያውቅ ኮንትራክተር ደግሞ የሚያስፈልገውን ቶን አስልቶ ስለሚያዝ፣ አንድ ድራይቭዌይ (ከመንገድ እስከ ጋራዥ ያለውን የመኪና መግቢያ) የሚሸፍን ትርፍ አይኖረውም። እነዚህ ሰዎች የሚያለብሱት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኢንች የማይሞላ ስስ ሽፋን ነው፤ አንድ የበረዶ ወቅት ሲያልፍ መፈርፈር ይጀምራል።

ድራይቭዌይ ቶሎ የሚበላሸው በአብዛኛው ከሥር ነው። ውሃ በስንጥቅ ገብቶ የታችኛውን አፈር ያለሰልሳል፣ ሲበርድ በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ሲቀልጥ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ መኪና ሲያልፍበት አስፋልቱ ይሰምጣል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን ድራይቭዌይ ዞራችሁ እዩ። እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ፣ የሰመጠ ወይም ከዝናብ በኋላ ውሃ የሚያቁር ቦታ ካለ ከአስፋልቱ ሥር ያለው የጠጠር መሠረት ሄዷል ማለት ነው። በላዩ አዲስ አስፋልት መደረብ ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ ስንጥቁ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ ያለው ቦታ ተቆፍሮ ጠጠሩ መለወጥ አለበት። መሬቱ ደህና ሆኖ ላዩ ብቻ ካረጀ ግን መደረብ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ጋራዡ በር ላይ ደረጃ እንዳይፈጠር ዳርና ጫፉን አስቀድመው እንዲፍቁት ብቻ ንገሯቸው።

ቢያንስ ሦስት ኮንትራክተር አስመጡ፤ ሁሉም ለአንድ ዓይነት ሥራ ዋጋ እንዲሰጡ አድርጉ። በጽሑፍ መስፈር ያለበት የጠጠሩ ውፍረት (ለቤት መኪና ከ6 እስከ 8 ኢንች)፣ የአስፋልቱ ውፍረት (ከ2 ኢንች ተኩል እስከ 3 ኢንች) እና የውሃው መውረጃ አቅጣጫ ነው። ውሃ ከቤቱ ርቆ እንዲወርድ በየ10 ፊቱ ወደ 2 ኢንች ተኩል ዝቅ ማለት አለበት። ውፍረቱ «ከተጠቀጠቀ በኋላ» ተብሎ ይጻፍ። ይህቺ ሐረግ ካልገባች ጠቡ የሚመጣው ከዚያ ነው፦ 3 ኢንች ተብሎ የተዘረጋ ልል አስፋልት ሮለር ሲያልፍበት ወደ 2 ኢንች ተኩል ይወርዳል።

ሒሳቡን ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። 12 ፊት በ50 ፊት የሆነ ድራይቭዌይ 600 ስኩዌር ፊት ነው። አንድ ቶን አስፋልት 2 ኢንች ውፍረት ላይ 80 ስኩዌር ፊት ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ 600ው በ2 ኢንች ከ7 ቶን በላይ፣ በ3 ኢንች 11 ቶን ያህል ይፈልጋል። ጠጠሩ በ6 ኢንች ወደ 20 ቶን ነው። በሥራው ቀን የፋብሪካውን የሚዛን ደረሰኝ ጠይቁ። 11 ቶን የተዋዋለ ሰው የ7 ቶን ደረሰኝ ካመጣ፣ የጎደለው ውፍረት ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ድራይቭዌይ የሚሠራ ኮንትራክተር የስቴቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፋል። ቁጥሩን የኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ በሥራ ላይ መሆኑንና ስሙ መግጠሙን እዩ። ላይሰንስ ያለው ሰው ካጠፋባችሁ ከኮሚሽኑ የዋስትና ፈንድ ካሳ መጠየቅ ይቻላል፤ ላይሰንስ የሌለውን ከቀጠራችሁ ይህ በር ይዘጋል። ቀብድ ከጠቅላላው ዋጋ ከሢሶ መብለጥ የለበትም፣ ሕጉ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ላይሰንሱን የሚሰጠው ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሆነ እዚያው አጣሩ። የመድን ወረቀቱንም ጠይቁ። ድራይቭዌዩ ከመንገዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲው ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካለም ደንቡን፣ ከመፈረማችሁ በፊት እወቁ። ቁፋሮ ካለ ኮንትራክተሩ አስቀድሞ 811 ደውሎ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ምልክት ማስደረግ አለበት፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው።

የሥራው ዕለት ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በታች ከበረደ ወይም ከዘነበ ቀኑ ይለወጥ። ጠጠሩ ተጠቅጥቆ ሲያልቅ፣ አስፋልቱ ከመፍሰሱ በፊት ሄዳችሁ ርገጡት፤ እግር የሚሰምጥበት ወይም ከባድ መኪና ሲያልፍበት የሚወዛወዝ ቦታ ካለ እዚያው ይስተካከል። በኋላ የሚደርስበት የለም። የዳሩ ጫፍ ቀጥ ብሎ ከቀረ ጎማ ሲወጣበት ይሰበራል፤ አጋድሞ መጠቅጠቅና አጠገቡ አፈር መሙላት ያስፈልጋል። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ቱቦ ከፍታችሁ ውሃ ልቀቁበት፣ የሚቆምበትን ቦታ እዩ።

ቢያንስ ለ3 ቀን መኪና አታስገቡ፤ ሐምሌ ላይ ከሆነ ሳምንት ጠብቁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት መኪና ቆሞ ሳለ መሪ አታዙሩ፣ ጎማው ላዩን ይፍቀዋል። ሞተር ሳይክል ወይም ተጎታች የሚያቆም ሰው ከማቆሚያ እግሩ ሥር ኮምፔንሳቶ ያንጥፍ። ቤንዚንና ዘይት የአስፋልቱን ሬንጅ ስለሚያሟሙት ወዲያው በድመት መጸዳጃ አሸዋ አስመጥጡና በሳሙና እጠቡ። የጣሪያው አሸንዳ ድራይቭዌዩ ዳር የሚፈስ ከሆነም አዙሩት።

«ሲል» ማድረግ፣ ማለትም ጥቁሩን ሽፋን መቀባት፣ በአዲስ አስፋልት ላይ አይቸኮልም። ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ጠብቁ፣ ከዚያ በየ3 ወይም በየ4 ዓመቱ ይበቃል። በየዓመቱ የሚቀባ ሰው ሽፋኑ እየወፈረ ራሱ እንዲሰነጣጠቅና እንዲላጥ ያደርገዋል። ከሩብ ኢንች የሰፉ ስንጥቆች ግን አይቆዩም፤ ሣሩን ነቅላችሁ፣ አቧራውን ጠርጋችሁ፣ በደንብ ሲደርቅ ሙሏቸው፣ ከዚያ በኋላ ይቀባ። አንድ ወፍራም ሳይሆን ሁለት ስስ ቅብ ይሁን፤ ለ24 ሰዓት ዝናብ የማይጠበቅበት ቀን ምረጡ። የምትገዙት ወይም ኮንትራክተሩ የሚያመጣው ባልዲ ላይ «ኮል ታር» (ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ሬንጅ) የሚል ካለ መልሱት፦ ዲሲ ከ2009፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ከልክለውታል። አስፋልት ኢመልሽን የሚለውን ውሰዱ።