ጥርሱ የተቦረቦረ ትንሽ ልጅን በማረጋጊያ መድኃኒት ማሳከም፦ ከቤት ተነስቶ ቤት እስኪገባ

የሦስት ዓመት ልጅ በጥርስ ሕመም ሲያለቅስ ካደረ፣ ጠዋት ሐኪም ቤት የደረሰ ወላጅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አስተኝታችሁ ትሠሩለታላችሁ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የሚቀድመው ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ ልጁን ያረጋጋዋል እንጂ ጥርሱን አያድንም። መጀመሪያ ጥርሱ ምን እንደሚያስፈልገው ይታወቅ፤ ቀጥሎ ልጁ ነቅቶ መታከም ይችል እንደሆነ ይታይ፤ ማስተኛት ከዚህ በኋላ ይመጣል። እንዲህ በቅደም ተከተል ከተሄደ፣ ይተኛ የተባለ ልጅ ነቅቶ ታክሞ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

1. ቤት ውስጥ ከንፈሩን አንስታችሁ እዩ

ልጁን ጭናችሁ ላይ አስተኙት፣ መስኮት አጠገብ ወይም በስልክ መብራት። የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ አንሱ። መቦርቦር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች ላይ፣ ድዱ አጠገብ፣ እንደ ጠመኔ ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ነው። በዚህ ደረጃ ከተያዘ በፍሎራይድ ሊቆም ይችላል፤ መቦርቦሪያ ማሽንም መርፌም አይነካውም። መስመሩ ቡናማ ከሆነ ወይም ጥርሱ ከተሸረፈ ጉድጓድ ሆኗል። ቀጥሎ የመንጋጋዎቹን ገጽ እዩ፤ ምግብ እየገባ የሚቀርበት ቦታ ካለ እዚያም ቀዳዳ አለ። ድዱ ላይ እንደ ብጉር ያለ መግል የቋጠረ ነገር ከታየ ኢንፌክሽኑ ሥሩ ድረስ ወርዷል ማለት ነው።

ጉንጭ ወይም የዓይን ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ ልጁ አፉን መክፈት ወይም ምራቁን መዋጥ ካቃተው ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አረቄ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የእምቧይ ጭስ የልጅን ድድ ያቃጥል እንደሆነ እንጂ መግሉን አያወጣም።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» የሚባለው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የፊቶቹ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ይወድቃሉ። የመንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። በሦስት ዓመቱ የተቦረቦረ መንጋጋ ያለው ልጅ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያኝክበት ነው ማለት ነው።

2. ምርመራው፣ ጉልበት ለጉልበት

ትንሽ ልጅን ወንበር ላይ ብቻውን አስተኝቶ አፍህን ክፈት ማለት ለቅሶ መጋበዝ ነው። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ እናትና ሐኪሙ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያገጣጥማሉ። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ ጭኗ ላይ ይቀመጥና እግሮቹ በወገቧ ግራና ቀኝ ይሆናሉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ጋደም ሲል ጭንቅላቱ ሐኪሙ ጭን ላይ ያርፋል። እናት እጆቹን ትይዛለች፣ ፊቷንም ያያል። ቢያለቅስ አፉ ይከፈታል፤ ምርመራው ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከምርመራው በኋላ ሐኪሙን እያንዳንዱን ጥርስ እየለየ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ልጁን ሳያስተኙ የሚሠሩ ሦስት ሕክምናዎችን በስማቸው አንሱለት።

አንዱ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ነው። 38 በመቶ የሆነው ፈሳሽ በትንሽ ብሩሽ ተነክሮ የደረቀው ጉድጓድ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቀባል። መርፌም ማሽንም የለውም። መቦርቦሩን ያቆመዋል፣ ግን የተበላውን ቦታ ለዘለቄታው ጥቁር ያደርገዋል። ወላጅ ይህን ቀድሞ ካልተነገረው፣ የልጁን የፊት ጥርስ ጠቁሮ ሲያይ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ከንፈር ወይም ልብስ ከነካም ያጠቁራል፤ ቆዳ ላይ ያለው ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ይለቃል። በስድስት ወሩ ይደገማል። ሥሩ መግል ለያዘና ሌሊት ለሚቀሰቅስ ጥርስ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ስለዚህ «አዲስ ሙከራ ነው» ብላችሁ አትፍሩት።

ሁለተኛው፣ የለሰለሰውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርጎ በግላስ አዮኖመር ሲሚንቶ መሙላት ነው። ማሽን ስለማይጮህ ልጆች ይችሉታል። ሦስተኛው የብረት ክዳን ነው። የተቦረቦረውን ሳይጠርጉ በልኩ የተመረጠ ክዳን ሲሚንቶ ተሞልቶ መንጋጋው ላይ ተጭኖ ይገባል። መቦርቦሩ ታሽጎ ምግብ ሲያጣ ይቆማል፤ ጥርሱ ጊዜው ሲደርስ ከነክዳኑ ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ሲነክስ ከፍ ያለ ይመስለዋል፣ በራሱ ይስተካከላል።

ሥሩ የተበላሸ ጥርስ ግን ወይ የነርቭ ሕክምና ይደረግለታል ወይ ይነቀላል። እዚህ ላይ የሚያደነዝዝ መርፌ ግድ ነው፤ የመርፌው መጠንም በክብደት የተወሰነ ነው። ለ12 ኪሎ ልጅ የ2 በመቶ ሊዶኬይን (የሚያደነዝዘው መድኃኒት) ጣሪያው፣ በኪሎ 4.4 ሚሊግራም ከተያዘ፣ ባለ 1.8 ሚሊ ሊትር ካርትሪጅ (የመድኃኒቱ ብልቃጥ) ከሆነ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ሁሉንም ዛሬውኑ ንቀሉልኝ» ብሎ ሐኪምን መጫን ልጁን ለአደጋ ያጋልጠዋል። በተለይ ማረጋጊያ ሲጨመርበት ሁለቱ መድኃኒቶች ተደራርበው መተንፈስን ያዳክማሉ።

3. ማስተኛት የሚያስፈልገው ለማን ነው? በምንስ?

ከአራት ዓመት በታች ሆኖ ብዙ ጥርሶቹ የተጎዱበት፣ የአእምሮ ወይም የአካል ጉዳት ያለበት፣ በፍርሃት ጨርሶ አፉን የማይከፍት፣ ወይም ሥራው ረጅም የሆነበት ልጅ ይህ ሊያስፈልገው ይችላል።

ከሁሉም ቀላሉ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ በአፍንጫ ጭምብል ይሳባል፤ ልጁ ይረጋጋል እንጂ አይተኛም። ሲያልቅ ለ5 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጠዋል። አፍንጫው የተደፈነ ወይም ጭምብሉን እየጣለ የሚያለቅስ ልጅ ላይ ግን አይሠራም፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ብዙም የማይመረጠው ለዚህ ነው።

ሚዳዞላም በአፍ የሚሰጥ ሽሮፕ ነው። የተለመደው መጠን በኪሎ ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊግራም ነው። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይይዛል፤ የሥራው ጊዜ አጭር ነው፣ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። መራራ ስለሆነ አንዳንዱ ይተፋዋል። ያን ጊዜ በግምት መድገም አይፈቀድም፣ ስንት እንደዋጠ አይታወቅምና። ጥቂት ልጆች ደግሞ መረጋጋት ሲገባቸው ይብሱኑ ይቆጣሉ፣ ይራገጣሉ። ይህ ሲሆን ሥራው ይቆማል፣ ሌላ ቀን በሌላ መንገድ ይታያል።

ኬታሚን በሆስፒታሎቻችን የታወቀ ነው። ሕመምን ያስረሳል፣ በደም ሥር ወይም በጡንቻ ይሰጣል። ምራቅ ያበዛል፣ ሲነቃ ማስታወክ ያመጣል፣ አልፎ አልፎም ጉሮሮን በድንገት ይዘጋል። ስለዚህ የማደንዘዣ ባለሙያ በሌለበት አይሰጥም። ብዙ ጥርስ በአንድ ቀን የሚሠራ ከሆነ ሙሉ ማደንዘዣ በቀዶ ጥገና ክፍል ይሻላል። በአካባቢያችሁ ከሌለ ሪፈር ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። እስከዚያው መቦርቦሩን በሲልቨር ዳያሚን ማቆየት ይቻላል።

4. ፊርማ ከመፈረማችሁ በፊት

የትኛውም ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ቢሆን እነዚህን ጠይቁ። ከሚሠራው ሐኪም ሌላ፣ ሥራው የልጁን አተነፋፈስ ማየት ብቻ የሆነ ሰው ይኖራል? ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ አለ? ኦክስጅን፣ መምጠጫ ማሽንና በልጅ ልክ የሆነ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) እዚያው ክፍል ውስጥ አሉ? ሚዳዞላም ከሆነ፣ መቀልበሻው ፍሉማዜኒል አለ? መልሱ «አያስፈልግም፣ ትንሽ ነው የምንሰጠው» ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። በዚህ ሕክምና ልጅን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅ የደከመ መተንፈስ ነው፤ ሐኪሙ ዓይኑን ጥርስ ላይ ተክሎ ይህን ማየት አይችልም።

የምትታከሙበት ከተማ ከፍታም ይታሰብ፤ ለምሳሌ ደሴ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የጤነኛ ልጅ የኦክስጅን ቁጥር ዝቅ ብላ ባለችው ኮምቦልቻ ከሚታየው ትንሽ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ቁጥሩ ተለክቶ መጻፍ አለበት፤ መነሻው ካልታወቀ መውረዱ በጊዜ አይታወቅም።

እናንተም አትደብቁ። ሲተኛ ያንኮራፋል? አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ አለበት? ምን መድኃኒት ይወስዳል? ጉንፋን፣ ሳል ወይም ትኩሳት ካለው ቀጠሮው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይገፋ። የታመመ የመተንፈሻ መንገድ በማረጋጊያ ጊዜ ቶሎ ይዘጋል።

5. ሌሊቱና ጠዋቱ

ልጁ በዚያው ቀን በሚዛን ይመዘን። «12 ኪሎ ይሆናል» ብሎ መገመት የመድኃኒቱን መጠን ያዛባል።

ባዶ ሆድ ማለት ምን እንደሆነ በሰዓት እንየው። ቀጠሮው ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ፣ ወጥ፣ ሥጋና ቅባት ያለው ምግብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። የላም ወይም የዱቄት ወተት፣ አጥሚትና ደረቅ ዳቦ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ብቻ። የእናት ጡት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት። ውኃ ወይም ወተት የሌለው ቀጭን ሻይ እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት። አብሽ ወፍራም ስለሆነ ከምግብ ይቆጠራል።

ይህ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በርኅራኄ ነው። ልጁ ሲራብ ያሳዘናት አያት፣ ማንም ሳያይ አንዲት ቁራሽ ዳቦ ታጎርሰዋለች። በማረጋጊያ ጊዜ ጉሮሮ ራሱን መከላከል ስለሚያቅተው፣ የተበላው ቢወጣ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ምክንያቱን ለቤቱ ሰው ሁሉ ማታውኑ ንገሩ። ልጁ በልቶ ከሆነም ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ቀጠሮ ቢዛወር ይሻላል። ማረጋጊያውን ቤት ውስጥ ወይም መንገድ ላይ እንድትሰጡ ቢነገራችሁ እንቢ በሉ፤ የሚሰጠው ባለሙያው ባለበት ብቻ ነው።

ለልጁ «አያምህም፣ መርፌ የለም» አትበሉት። ሲወጋ ያምነው የነበረውን ሁሉ ያጣል። «ጥርስህን አጥበው ያስተኙልሃል፤ አብሽር፣ እኔ እዚሁ ነኝ» ይበቃል።

6. መንገዱ

ልጁ ሳይቀሰቀስ ራሱ ነቅቶ ካልቆየ፣ አንገቱን ካልደገፈና ውኃ ካልጠጣ አትውጡ። እንዲነቃ ብላችሁ ቡና አታጠጡት።

ወደ ቤት ስትሄዱ በጀርባ አታዝሉት። የታዘለ እንቅልፋም ልጅ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና የመተንፈሻ መንገዱ ይታጠፋል፤ አዛዩም ፊቱን አያይም። ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ ተጠቅልሎ ሲተኛም እንደዚያው ነው። ፊት ለፊታችሁ አቀፉት፣ ጭንቅላቱን ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉ፣ አገጩ ቀና ይበል። ሁለት አዋቂ ሁኑ፤ አንዱ ሻንጣና ትራንስፖርት ይያዝ፣ ሌላው ዓይኑን ከልጁ አያንሳ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ያስመልሳል፤ ቢያስመልሰው ወዲያው ወደ ጎን አዙሩት። ወደ ደሴ ከሩቅ፣ ከመካነ ሰላም ወይም ከወረኢሉ፣ የመጣችሁ ከሆነ ያን ሌሊት ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት እደሩ።

7. ቤት ከገባችሁ በኋላ

የደነዘዘው ከንፈር እስኪነቃ 2 እና 3 ሰዓት ይወስዳል። ልጁ አያመውምና እያኘከ ሊያቆስለው ይችላል፤ ነገ ያበጠ ነጭ ቁስል ሆኖ ታዩታላችሁ። እስኪነቃ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ እስከዚያ የሚታኘክ አትስጡት። ጥርስ ከተነቀለ ፋሻውን 20 ደቂቃ ነክሶ ይያዝ፣ አፉን አይጉመጥመጥ፣ ምራቁን አይትፋ። ምራቅ የተቀላቀለ ደም ብዙ ይመስላል፤ ፋሻውን ቀይራችሁ ሌላ 20 ደቂቃ ካስነከሳችሁ በኋላም ካልቆመ ተመለሱ።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊግራም ለሆነ ሽሮፕ፣ ለ12 ኪሎ ልጅ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። 5 ሚሊ ሊትሩ 250 ሚሊግራም የሆነም ስላለ ጠርሙሱን አንብቡ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለኩ እንጂ በሻይ ማንኪያ አትገምቱ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

መቀስቀስ ካቃታችሁ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሲተነፍስ ካንኮራፋ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሩጡ።

የቀሩት ጥርሶች እንዳይከተሉ፦ በሌሊት ጡጦ ውስጥ ከውኃ በቀር ምንም አይኑር። ስኳር ያለው ሻይና አብሽ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጨ ሳይሆን ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ ይጠጣ። ማታ ከመተኛቱ በፊትና ጠዋት፣ 1000 ፒፒኤም (የፍሎራይድ መጠን መለኪያ) ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና እናንተ ቦርሹለት፤ ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በላይ የአተር ፍሬ ያህል። ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ ሁሉም ጥርሱ የተሠራለት ልጅ እንኳ ጡጦው ካልቀረ እንደገና ይቦረቦራል። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከክሊኒኩ ሳትወጡ በሦስት ወር ያዙ፤ ያን ቀን ፍሎራይድ ይቀባል፣ የጠቆረው ጥርስ ጠንክሮ እንደሆነ በመሣሪያ ይነካል።