የቆዳ ቡትስ በጎጃም ጭቃ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

በጎጃም ደጋ የቆዳ ቡትስን የሚጨርሰው መንገዱ ሳይሆን ከመንገድ መልስ የሚደረግበት ነገር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቀኑን ጭቃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ምድጃ ዳር ይሰጣል፣ ጠዋት ደግሞ ማጀት ውስጥ የተገኘው ቅባት ይለቀለቅበታል። እሳቱ ቆዳውን ይጎዳል፤ ቅባቱ ጉዳቱን ይሸፍናል። ስለዚህ ከመቀባታችሁ በፊት ምልክቱን ለዩ።

ቆዳው ድርቅ ብሎ አልታጠፍ ሲል

በቢቸና፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው ዋልካ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል። ጫማ ላይ የቀረውም እንደዚያው ነው፤ እየደረቀ ሲሄድ የቆዳውን እርጥበትና ቅባት ይመጥጣል። ደቃቁ አፈር ስፌት ውስጥ ገብቶ በእያንዳንዱ እርምጃ ክሩን ይሞርዳል። የእንጅባራና የቡሬ ቀይ አፈር ይህን ያህል አይጣበቅም፤ ነጣ ያለ ክር ላይ ግን ቀለሙን ትቶ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምክንያት እሳት ነው። እርጥብ ቆዳ ከደረቁ ይልቅ ሙቀት አይችልም። በእፅዋት የተለፋ ቆዳ እርጥብ ሳለ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢቀባ ወደ ቦታው አይመለስም። በክሮም፣ ማለትም በማዕድን ጨው፣ የተለፋው የተሻለ ይችላል፤ ሶሉን የያዘው ማስቲሽ ግን ቀድሞ ይለቃል። ከሰል አጠገብ የተቀመጠ ጫማ እዚህ ሙቀት ለመድረስ ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም።

ማጽዳቱ እንዲህ ነው። የማሰሪያ ክሩንና የውስጥ መርገጫውን አውጡ። ጭቃው እርጥብ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ወዲያው እጠቡ። ደርቆ ከሆነ በቢላ አትፋቁት፤ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ 10 ደቂቃ ተዉትና ራሱ ሲለቅ አንሱት። ሶሉ ጥርስ ውስጥ ያለውን በእንጨት ስንጥር አውጡ። ሳሙና ካስፈለገ ትንሽ የገላ ሳሙና ይበቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙና የቆዳውን ቅባት አጥቦ ይወስዳል፤ በረኪና ደግሞ ቆዳውንም ክሩንም ይበላል።

ከዚያ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ እስከ ጣቱ ጫፍ ሙሉ። የመጀመሪያውን ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይሩ፤ ብዙውን ውሃ የሚጠጣው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ መቀየር ይበቃል። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጡት፤ ከምድጃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ። በክረምት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል። ነገ የምትሄዱበት ሌላ ጫማ ከሌላችሁ፣ በከፊል እርጥብ አድርጎ መልበስ እሳት ላይ ከማድረቅ ይሻላል።

ቅባቱ፦ ምን ይቀባ፣ ምን አይቀባ

ብዙ ጫማ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቆዳውን ያለሰልሳል፣ በኋላ ግን ተጣባቂ ሆኖ አቧራ ይሰበስባል፣ ሲቆይም ይጠነክራል። ቅቤ ውሃና የወተት ቅሪት ስላለው ይሸታል፣ ሻጋታ ይጠራል፣ አይጥም አይምረውም። ሞራ ጨው ሳይነካው ተነጥሮ ከሆነ ክፉ አይደለም፤ ችግሩ ብርድ ሲመታው ጠጣሩ ክፍል ወደ ቆዳው ገጽ መውጣቱ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ወደሚወጣው ጮቄ ይዞት ለሚሄድ ሰው ይህ የታወቀ ጣጣ ነው።

የተሻለው የጉሎ ዘይትና ሰም ነው። የጉሎ ዘይት በአየር አይደርቅም፤ ሰሙ ደግሞ ማር ባለበት አገር አያስቸግርም። ከጠጅ የተረፈ ሰፈፍ ካላችሁ ቀልጦ በጨርቅ መጠለል አለበት፤ ማርና ጌሾ የቀረበት ሰም ሻጋታ ያመጣል። 30 ግራም ንጹህ ሰም ከ60 ግራም የጉሎ ዘይት ጋር በጣሳ አድርጉና ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ስለሚቀልጥ የውሃው ሙቀት ይበቃል። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፤ ይቀጣጠላል።

ቆዳው ሊደርቅ ሲል፣ ገና ትንሽ ርጥበት ሲኖረው፣ በጨርቅ አሳስታችሁ ቀቡ። ለአንድ እግር አንድ የሻይ ማንኪያ ከበቂ በላይ ነው። ሌሊቱን አሳድሩና የተረፈውን ጥረጉ። ብዙ መቀባት ቆዳውን አልፈስፍሶ ቁርጭምጭሚት እንዳይደግፍ ያደርገዋል፤ ሶሉ ጠርዝ ላይ ያለውን ማስቲሽም ያላቅቃል። ሻካራ ገጽ ያለው ቆዳ ከሆነ ሰም ለዘለቄታው ያጠቁረዋል፤ በጫማው ምላስ የተደበቀ ጎን ሞክሩት። ውስጡ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያለው ጫማ ላይ ደግሞ ከባድ ቅባት ላቡን ስለሚያፍን፣ ለእሱ የተሠራውን በውሃ የተቀመመ ክሬም ተጠቀሙ። የሊስትሮ ቀለም ለመልክ ጥሩ ነው፤ የደረቀ ቆዳን ግን አይመግብም።

ነጭ ነገር ሲወጣበት

ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሄያቸው ግን አንድ አይደለም።

በእርጥብ ጨርቅ ሲነካ የሚጠፋና ሲደርቅ የሚመለስ ከሆነ ጨው ነው። ዓባይ በረሃ ወርዶ ሲወጣ የሚመጣው ላብ ዋናው ምንጩ ነው። አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውሃ በጥብጡና ጥረጉት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ድገሙ፣ ሲደርቅ ቀቡ።

በጸጉር ማድረቂያ ለብ ሲል ቀልጦ ወደ ቆዳው የሚመለስ ከሆነ የወጣ ቅባት ነው። ጉዳት የለውም። ትርፉን ጥረጉና ለጥቂት ጊዜ አትቀቡ።

ጸጉራም ሆኖ የሚሸት ከሆነ ሻጋታ ነው። በፌስታል ታስሮ አልጋ ሥር በከረመ ጫማ ላይ ይበዛል፤ በጣና ዳር ርጥበት ደግሞ ይብሳል። ብናኙን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ከቤት ውጭ አራግፉ። አልኮልና ውሃ እኩል አድርጋችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ ውስጡንም ጭምር፤ የውስጥ መርገጫውን ብትቀይሩት ይመረጣል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቅባት አይንካው፤ ቅባቱ ለሻጋታው ምግብ ይሆነዋል።

ውሃ ሲያስገባ

የት እንደሚገባ ሳታውቁ ሰም አትጨርሱ። ጫማው ውስጥ ደረቅ ጋዜጣ ሙሉና 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ባለው ሳፋ ለአንድ ሰዓት አቁሙት። ወረቀቱ ሁሉም ቦታ ከረጠበ ቆዳው ውሃ እየጠጣ ነው፤ ከላይ የተባለው ቅባት ይበቃዋል። በመስመር ከረጠበ ስፌቱ ነው፤ የቀለጠ ሰም በክብሪት እንጨት ስፌቱ ላይ አስገቡ። ጠርዙ ብቻ ከረጠበ ሶሉ ለቋል። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ስትሄዱ ካልሲያችሁ የሚረጥብ ከሆነ ግን ጫማው አላፈሰሰም፤ ወይ ላብ ነው፣ ወይ የማለዳ ጤዛ ከሣሩ ወደ ሱሪ፣ ከሱሪ ወደ ካልሲ ወርዷል።

ሶሉ ሲለቅ

የተላቀቀውን ገጽ ተመልከቱ። ለስላሳና ቢጫ ማስቲሽ የሚታይበት ከሆነ ማጣበቂያው ብቻ ነው የደከመው። ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ አቧራውን በአሴቶን ጥረጉ፣ ማስቲሽ ስስ አድርጋችሁ ሁለቴ ቀቡ። ሁለተኛው ቅብ ጣት ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ጠብቁ፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው፣ በብርድ ይረዝማል። እርጥብ ሳለ የሚያጣብቅ ሰው ነገ እንደገና ይመጣል። ከዚያ ገጥማችሁ በመዶሻ ምቱትና በካላማዳሪ ጥብቅ አድርጋችሁ 24 ሰዓት እሰሩት።

ከቆዳውና ከታችኛው ጎማ መካከል ያለው ስፖንጅ መሳይ ክፍል እንደ ደረቀ ድፎ የሚፈረፈር ከሆነ ማስቲሽ አይረዳውም። ያ ክፍል ፖሊዩሬታን ከሚባል ፕላስቲክ ከተሠራ ሳይለበስም ቢቀመጥ በአየር ርጥበት እየበሰበሰ በዓመታት ውስጥ ይሞታል። ሰልባጅ ገበያ ላይ አዲስ የሚመስል ቡትስ ከመግዛታችሁ በፊት ጥፍራችሁን እዚያ ላይ ጫን አድርጉ፤ ከገባና ካልተመለሰ ዋጋውን አትጠይቁ። የላይኛው ቆዳ ጤነኛ ከሆነ ጫማ ሰፊ ሙሉ ሶል ሊቀይርለት ይችላል። ዙሪያውን በወስፌ መስፋት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ የውሃ በር ስለሆነ ክሩን በሰም አስነክሩት።

ስንጥቅና ሽታ

ጣቱ መታጠፊያ ላይ የተሰነጠቀ ቆዳ አይገጥምም፤ ቃጫው ተበጥሷል። ላይ ላዩን ከሆነ ቅባት ስንጥቁን ያቆመዋል። ውስጥ ድረስ ከታየ ጫማ ሰፊ ከውስጥ ቁራጭ ቆዳ ይለጥፍበት። ለሽታ መርገጫውን ማጠብና ጫማውን አንድ ቀን እያሳረፉ ማድረግ ከማንኛውም ዱቄት ይሻላል።

የማሰሪያ ክሩ ማስገቢያ ቀለበቶች ዙሪያ አረንጓዴ ነገር

ናስና ቅባት ሲገናኙ የሚፈጥሩት ነው። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ አንሱት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስትቀቡ ከቀለበቶቹ ጥቂት ራቁ።