ሠልጣኞች ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ ሲያቋርጡብን የሠራልን ዘዴ

መርካቶ ላሉ የሱቅ ሠራተኞች ባዘጋጀነው የኦንላይን የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና፣ በሙከራው ዙር አብዛኞቹ ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ ያቋርጡ ነበር። ችግሩ የተፈታው ሱቃቸው ድረስ ሄደን ስንጠይቅ ነው።

መጠይቅ በቴሌግራም ሲላክ ሰው ይሉኝታ ይዞት «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ «እህቴ፣ ትናንት ማታ ሒሳቡን እንዴት ዘጋሽው?» ብዬ ጀመርኩ። ጨርቅ ሻጯ ከባንኮኒው ሥር ደብተሯን አወጣች፤ ዱቤው በቀይ እስክሪብቶ፣ በቴሌብር የገባው በሰማያዊ፣ ጥሬ ብሩ በእርሳስ። ገቢን በዓይነት መለየት የሚለውን የመጀመሪያ ትምህርታችንን ድሮም ታውቀዋለች! የቸገራት የቴሌብሩን ገቢ ከሽያጩ ጋር ማስታረቅ፣ ማለትም ሁለቱ መግጠማቸውን ማመሳከር ነው። ኮምፒውተር የላትም፤ የምትማረው የዕለት ጥቅል ገዝታ፣ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ በስልኳ ነው።

ትምህርቱን ከማስታረቅ ጀመርነው። ረጃጅም ቪዲዮዎቹንም በአጫጭር የድምፅ ቅጂና በደብተር ገጽ ፎቶ ተካናቸው። በ1975 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ጦር የተዘጋጀውና «አዲ» (ADDIE) የሚባለው የሥልጠና ንድፍም የሚጀምረው ከትንተና፣ ማለትም ሠልጣኙ የሚያውቀውንና የሚቸግረውን ከማጥናት ነው። ብዙ አዘጋጅ ግን በቀጥታ ስላይድ ወደ መሥራት ይገባል፤ ይህ በእኔ እምነት ሠልጣኙን መበደል ነው።

አሁን ሠልጣኞቹ የደብተራቸውን ፎቶ ይልኩልናል፤ ቀጣዩን ትምህርት የምንመርጠው የተሳሳቱበትን ቦታ አይተን ነው።