ከእንቁራሪት የዲኤንኤ ናሙና እንዴት ይወሰዳል? እርሳሱን አትርሱ

ክረምት ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ይቋጥራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ሜዳው በሙሉ በእንቁራሪት ጩኸት ይሞላል። ከእነዚህ አንዷን ይዞ ቆዳዋን በጥጥ መጥረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚከብደው መያዙ ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ከአሥራ አራት እንቁራሪቶች ናሙና ወስጄ አሥራ አራቱንም ያጣሁት ግን በእስክሪብቶ የተነሣ ነው። ወደዚያ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ፈቃድ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱን የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ ይህን ሥራ ብቻችሁን ሳይሆን ፈቃድ ካለው ተመራማሪ ጋር ሆናችሁ ሥሩ። የማሳውን ባለቤትም ጠይቁ። በምሽት ባትሪ ይዞ በሰው እርሻ ውስጥ የሚንጎራደድ ሰው መልካም ነገር አይታሰብለትም። ጅብም ስላለ የአካባቢውን ሰው አስከትሉ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። በየግሉ የታሸገ ንጹሕ የናሙና ጥጥ (በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችን ውስጥ ይገባ የነበረው ዓይነት)፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ትንሽ ብልቃጥ፣ ዱቄት የሌለው ጓንት፣ አዲስ ፌስታል (እንቁራሪቷን ማቆያ)፣ ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ እርሳስ፣ ወፍራም ወረቀት፣ በረኪና። ከሱቅ የሚገዛውን የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ተዉት፤ ንጽሕናው አይታመንም። የስልክ መብራትም አልወድም፤ አንዱን እጃችሁን ይሰርቃል። ናሙና ማቆያው ከ95 በመቶ ያላነሰ ኢታኖል ነው፤ ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ለዚህ ሥራ ውሃው ይበዛበታል። አረቄም አይሆንም፤ ተጠይቄ አውቃለሁ።

እንቁራሪቷን በእጅ ያዟት፤ መረብ አያስፈልግም። ጓንታችሁን አስቀድማችሁ በንጹሕ ውሃ አርጥቡ፤ ደረቅ ጓንት ቆዳዋን የሚጠብቃትን ልጋግ ይገፍፋል። ለእያንዳንዷ እንቁራሪት አዲስ ጓንትና አዲስ ፌስታል። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው የአንዷን ዲኤንኤ ለሌላዋ ያለብሳል፤ የቆዳ በሽታም ያዛምታል። እንቁራሪቶችን በዓለም ዙሪያ የፈጀው የኪትሪድ ፈንገስ በኢትዮጵያም ተገኝቷል።

ጥጡን ከእሽጉ ስታወጡ ጫፉን ምንም ነገር አይንካው። ሆዷን፣ ሁለቱን ጭኖቿንና በኋላ እግሮቿ ጣቶች መካከል ያለውን ቆዳ አምስት አምስት ጊዜ ጥረጉ፤ ጥጡንም እያዞራችሁ። ጥጡን ኢታኖል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከትታችሁ ዘንጉን ሰብራችሁ ክደኑ። እንቁራሪቷን የያዛችኋት ቦታ ላይ ልቀቋት፤ «እዚያ ማዶ ውሃው ይሻላታል» ብላችሁ አትውሰዷት። በጃፓን ኪዮቶ፣ በካሞ ወንዝ፣ ሰው ያመጣው የቻይና ግዙፍ ሳላማንደር (ጅራት ያለው የእንቁራሪት ዘመድ) ከጃፓኑ ጋር ተዳቅሎ ንጹሑን የጃፓን ዘር ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል።

አሁን ወደ ጽሕፈቱ። እኔ በብልቃጦቹ ላይ የጻፍሁት ውሃ አያጠፋውም በተባለ ማርከር ነበር። እውነትም ውሃ አያጠፋውም፤ አልኮል ግን ያጥበዋል። አንድ ክዳን ላልቶ ኖሮ ኢታኖሉ በመንገድ ፈሰሰ፤ ቤተ ሙከራ ስደርስ ሣጥኑ ውስጥ ሰማያዊ ዝቃጭና አሥራ አራት ስም የለሽ ብልቃጦች ጠበቁኝ። ውስጥ ያስገባኋቸው ቁራጭ ወረቀቶች ደግሞ በእስክሪብቶ ስለተጻፉ ነጭ ሆነው ወጡ። ሁለት መዝገብ ነበረኝ፤ ሁለቱም ቀለም ነበሩ። እርሳስ ግን ካርቦን ነው፤ አልኮል አያሟሟውም። በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ብልቃጡ ውስጥ፣ ያው ቁጥር ከውጭ በፕላስተር ላይ፣ ሦስተኛው ቅጂ ደብተር ላይ። ሁሉም በእርሳስ።

ምን ይጻፍ? ቁጥር፣ ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት። ቦታ ሲባል «ሱሉልታ፣ ከድልድዩ በታች» ማለት አይደለም፤ የትኛው ድልድይ? ስልካችሁ የሚሰጠውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ከነጥቡ በኋላ እስከ አራት አሃዝ ጻፉ፤ በ11 ሜትር ገደማ ያደርሳችኋል። ቀኑ ለእኛ የተለየ ወጥመድ አለው። 5/11/2016 ብዬ የጻፍሁት ሐምሌ 5 ቀን ማለቴ ነበር፤ ናሙናውን ያየው የውጭ ባለሙያ ኖቬምበር 5 ብሎ አንብቦ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወሰደኝ። ስለዚህ ወሩን በፊደል፣ ከጎኑም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.»። ሰዓቱንም እንዲሁ፦ የእኛ «ምሽት 2 ሰዓት» ለሌላው ዓለም 20:00 ነው።

ይህን ያህል መጨነቅ የበዛ ከመሰላችሁ የቻይናውን ግዙፍ ሳላማንደር ተመልከቱ። እስከ 1.8 ሜትር እንደሚረዝም የሚነገርለት ይህ እንስሳ ለምግብ ሲባል በእርባታ ጣቢያዎች በሚሊዮን ይራባል፤ ከተለያዩ ወንዞች የመጡት እዚያ ተደባለቁ፣ ከእርባታው የወጡትም ወደ ወንዞች ተለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የዘረመል ጥናት አንድ ዝርያ ሲባል የኖረው ቢያንስ አምስት መሆኑን አሳየ። ዛሬ ከወንዝ የተያዘው የዚያ ወንዝ ተወላጅ ይሁን የእርባታ ልጅ በዓይን አይለይም። ተመራማሪዎቹን የረዳቸው ድብልቁ ሳይመጣ ተይዘው በሙዚየም የተቀመጡ 17 ናሙናዎች ናቸው። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2019 «አንድሪያስ ስሊጎይ» ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1924 በለንደን የእንስሳት ማቆያ ለኖረ እንስሳ ወጥቶ የተተወ ነበር። የእኛም ደጋ ተመሳሳይ ጣጣ አለበት፤ በሣሩ ውስጥ የሚዘሉት ፕቲካዴና የተባሉት እንቁራሪቶች በዓይን ይመሳሰላሉ፣ በዲኤንኤ ግን የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። የሱሉልታዋና የመናገሻዋ ብልቃጥ ከተምታቱ በኋላ የሚያርማችሁ የለም።

ብልቃጦቹን በበረዶ ሣጥን አድርጋችሁ በማግስቱ አስረክቡ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉ።

የቀረው ቦት ጫማ ነው። ጭቃውን አስቀድማችሁ በብሩሽ አራግፉ፤ በረኪና በጭቃ ላይ ኃይሉ ይደክማል። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በዕለቱ በጥብጣችሁ ጫማውን አሥር ደቂቃ አቆዩበት፣ ከዚያም አለቅልቁት። የበረኪናውን ውሃ ከጅረቱ ራቅ አድርጋችሁ ድፉ። ሌላ ሜዳ የምትሄዱት ጫማው ሲደርቅ ነው።