ሳሉን ሳይሆን ደረቱን ይመልከቱ፦ ብሮንኪዮላይትስ የያዘውን ሕፃን ማወቅና መንከባከብ

ብሮንኪዮላይትስ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን፣ በተለይም ከ3 እስከ 6 ወር ያሉትን የሚያጠቃ የቫይረስ ሕመም ነው። ዋናው መንስኤው አር ኤስ ቪ የተባለው ቫይረስ ሲሆን ሌሎች የጉንፋን ቫይረሶችም ያመጡታል። ጤነኛ አዋቂን አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫ ፈሳሽና በቀላል ሳል ብቻ የሚያልፈው ይህ ቫይረስ በሕፃኑ ሳንባ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ያሳብጣል፣ በአክታም ይደፍናል። ሕመሙን የሚያመጣው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ቫይረስ በመሆኑ፣ «ብርድ መታው» የምንለው ሕፃን በሐረር የማታ ቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን በድሬዳዋ ሙቀትም ይያዛል።

ሕመሙ የሚጀምረው እንደማንኛውም ጉንፋን በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በመጠነኛ ትኩሳትና በሳል ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሳሉ ይበረታል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ አየር ሲያስወጣም ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ቀን ደህና መስሎ የታየ ሕፃን በአራተኛው ቀን ሊደክም እንደሚችል አውቆ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ሳሉ ነው፤ የሕመሙ ክብደት የሚታወቀው ግን በአተነፋፈሱና በአጠባቡ ነው።

ትንፋሹን ለመቁጠር ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ቢቻል ተኝቶ ሳለ፣ ብርሃን ባለበት ቦታ ልብሱን እስከ ብብቱ ይግለጡለት። የስልክዎን ሰዓት ከፍተው፣ ሆዱና ደረቱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያሉ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለሚል ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት በላይ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል ማለት ነውና በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ቆጥረው ሲጨርሱ ልብሱን ሳይመልሱ ከመጨረሻው ጎድን አጥንት በታች ያለውን ቦታ ይመልከቱ፤ አየር በሳበ ቁጥር ያ ቦታ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ሕፃኑ ለመተንፈስ እየታገለ ነው።

ደረቱ በጣም ሲሰረጉድ፣ በየትንፋሹ ሲያቃስት፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ሲሰፋ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ሲጠቁር፣ ትንፋሹ ለአፍታ ሲቋረጥ፣ ለማንቃት ሲያስቸግር ወይም ጡት መያዝ ሲያቅተው ሌሊትም ቢሆን ባጃጅም ሆነ ሌላ የተገኘውን መኪና ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ድሬዳዋ ድል ጮራና ሳቢያን፣ ሐረር ደግሞ ሕይወት ፋናና ጀጎል ሆስፒታሎች አሉ። ዕድሜው ከ3 ወር በታች የሆነ፣ ያለጊዜው የተወለደ፣ የልብ ችግር ያለበት ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሲሆን ግን እነዚህን ምልክቶች ሳይጠብቁ ገና ሳሉ እንደጀመረ ያስመርምሩት። በተለይ ጨቅላ ሕፃናት ብዙም ሳይስሉ ትንፋሻቸው ሊቋረጥ ይችላል።

ትንፋሹ ያልፈጠነ፣ ደረቱ የማይሰረጉድና የሚጠባ ሕፃን በቤት ይታከማል። ሕፃን በዋናነት የሚተነፍሰው በአፍንጫው በመሆኑ የታፈነ አፍንጫ ጡት ያስተወዋል፤ ስለዚህ ከመጥባቱ በፊት ከፋርማሲ የሚገኝ ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) በሁለቱም ቀዳዳዎች ጠብ ጠብ አድርገው የወጣውን ፈሳሽ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉለት። በአንድ ጊዜ ብዙ መጥባት ስለሚያደክመው ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ያጥቡት። ከወትሮው ከግማሽ በታች እየጠባ ከሆነ ወይም ለ12 ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና ፈሳሽ እያጠረው ነውና ይውሰዱት፤ በድሬዳዋ ሙቀት ይህ ፈጥኖ ይመጣል። በጋቢና በብርድ ልብስ መጠቅለሉም ሙቀቱን ከመጨመሩ በላይ ማየት ያለብንን ደረት ይሸፍንብናል።

ጭስ ያበጠውን ቧንቧ ይበልጥ ያስቆጣዋል። የከሰል ምድጃው፣ የቡናው እጣን፣ የበርጫው ሲጋራና ሺሻ ሕፃኑ ከሚተኛበት ክፍል መውጣት አለባቸው፤ በአራስ ቤት እጣን ማጨስ የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቢያንስ ሕፃኑ እስኪሻለው ድረስ ግን ይቅር። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ሲመጣም «ዛሬስ ከዚያው ሆነው ይመርቁልን» ማለት ነውር አይደለም። እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል እንጂ ወደ ሳንባው ቧንቧ አይደርስም፤ የሚያስውጡት ቅቤም ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ማር ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም።

አሞክሲሲሊንና ሌሎች አንቲባዮቲኮች ቫይረስን አይገድሉምና ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው አይስጡት፤ የሳል ሽሮፕም አይጠቅመውም። ሆኖም ብሮንኪዮላይትስን ከሳንባ ምች መለየት ለባለሙያም የሚያስቸግርበት ጊዜ ስላለ፣ ባለሙያው መርምሮ አንቲባዮቲክ ካዘዘ መድኃኒቱን እንደታዘዘው ይጨርሱ። ለትኩሳት ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ፣ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ ይሰጣል፤ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ትኩሳት ራሱ ወደ ሐኪም የሚያስሮጥ ምልክት ነው። በሆስፒታልም ዋናው ሕክምና ኦክስጅንና በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ወተት ወይም ፈሳሽ መስጠት ነው።

ትንፋሹ ከተስተካከለና መጥባት ከጀመረ በኋላ ሳሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ብቻውን አዲስ መድኃኒት አያስፈልገውም። ከሦስት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ትኩሳቱ ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ወደ ጤና ጣቢያው መልሰው ያሳዩት።